የሌንሴ አባቶች

አምቦ ከዩኒቨርሲቲው የተመረቀ ሰው ሁሉ፣ ቢያንስ በእኔ ዘመን፣ አንድ ጊዜ በእኛ መጋረጃ ፊት ቆሟል ብል ብዙም አላጋነንኩም። ፎቶ ቤታችን ከዋናው መንገድ ገባ ብላ፣ ከባጃጅ ተራው አጠገብ ነበረች። አባቴ የከፈታት፣ ጉልበቱ ሲደክም ለእኔ የተዋት ቤት ናት። የምረቃ ሰሞን ጥቁር ጋወን የለበሰ ልጅ፣ ከወለጋም ከጎጃምም ከሲዳማም የመጣ ቤተሰብ፣ አበባ የታቀፈች እህት በሩ ላይ ይሰለፋል። በኦሮምኛ ተቀብዬ፣ በአማርኛ አስቁሜ፣ በሁለቱም አሹፌ እሸኛቸዋለሁ። ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ራሴን እንደ ትልቅ አርቲስት እቆጥር ነበር፤ ችግሩ ይህንን የሚያውቅልኝ ሰው አለመኖሩ ነው።

አባቴ ያስተማረኝ አንድ ብልሃት አለ። ሕፃን ልጅ ካሜራ ሲያይ ይደርቃል። «ሳቅ» ከተባለ ጥርሱን ያሳያል እንጂ አይስቅም። አባቴ ታዲያ ካሜራውን ደግኖ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። ልጁ የአባቱን ወይም የእናቱን ስም ሊናገር አፉን ሲከፍት ፊቱ ይፈታል፤ ያኔ መጫን ነው። እኔም በዚሁ ብልሃት ነው ስሠራ የኖርኩት።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። የዚያን ዓመት አየር የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። ሚኒባስ ውስጥ የማታውቁት ሰው ትከሻችሁን ይዞ ስለ አገር ያወራችኋል፣ ስትወርዱ ሒሳብ ካልከፈልኩ ብሎ ይሟገታችኋል። ሁሉም ሰው ነገ የተሻለ ነገር እንደሚመጣ ቀጠሮ የተሰጠው ይመስል ነበር። አሁን ሳስበው ሆዴ ይባባል። እንግዲህ በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ የባህል ተቋም ከየአቅጣጫው የሕፃናት ፎቶ ሰብስቦ ትልቅ ኤግዚቢሽን ሊያዘጋጅ ተነሣ። አስተባባሪዋ ሶስና የምትባል ሴት ነበረች። ኢንተርኔት ላይ የለጠፍኳቸውን ሥራዎች አይታ ደወለችልኝና የምዕራብ ሸዋን ልጆች አንሺልን አለችኝ። ያልተኳሉ፣ ያልተሸላለሙ፣ እንዳሉ የሚታዩ ልጆች። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ደግሞ የልጁ ስም፣ የሚኖርበት ከተማና ብሔሩ ይጻፋል። ስልኩን ዘግቼ ፎቶ ቤቷ ውስጥ ብቻዬን ጨፈርኩ።

ሥራውን ከጊንጪ ጀመርኩ። እዚያ አብራኝ የተማረች ሰብለ የምትባል መምህርት ጓደኛ ነበረችኝ፤ ከርዕሰ መምህሩ አስፈቅዳ ዓርብ ቀን ትምህርት ቤቱን አስረከበችኝ። አንድ ግራጫ ብርድ ልብስ በክፍሉ በር ትይዩ ሰቅዬ፣ በበሩ የሚገባውን ብርሃን ይዤ ልጆቹን አንድ በአንድ ማስቆም ጀመርኩ። «እንዳሉ ይምጡ» ብለን መልእክት ልከን ነበር። እናቶቹ ግን ልጃቸው ፎቶ ሊነሣ ነው ሲባል ሰምተው እንዳለ የሚልኩ ሰዎች አይደሉም። ግንባራቸው በቫዝሊን የሚያበራ፣ ፀጉራቸው እስኪያማቸው የተጎነጎነ፣ አንዱማ የአባቱን ኮት እስከ ጉልበቱ የለበሰ መጣልኝ። ፊታቸውን በመሐረቤ ስጠርግ ፎቶ አንሺ መሆኔ ቀርቶ የቤት ሠራተኛ መሰልኩ። ግን እንዴት ያለ ቀን ነበር። «የማን ልጅ ነሽ?» ስል፣ «የአያንቱ»፣ «የሹፌሩ የግርማ»፣ «የኦቦ ለሜሳ፣ በሬ ያላቸው» እያሉ ሳቅ በሳቅ አደረጉኝ።

መጨረሻ ላይ የቆመችው ልጅ ናት ነገሬን ያበላሸችው። ሌንሴ ትባላለች፣ አምስተኛ ክፍል ናት። ቀጭን፣ ረጅም አንገት ያላት፣ ሰውን ትክ ብላ የምታይ ልጅ ናት። «የማን ልጅ ነሽ?» አልኳት።

«የአባቴ» አለችና አፏን ገጠመች።

በኦሮምኛ ሞከርኩ፣ ቀለድኩ፣ ተንበረከክሁ። ፊቷ እንደተዘጋ ቀረ። ብርሃኑ ሲሸሽብኝ ተስፋ ቆርጬ ካሜራዬን አስገባሁ።

ወደ ሰብለ ቤት ስንሄድ ስለዚች ልጅ ተነጫነጭኩ። ሰብለ ቆም አለችና ዙሪያዋን አየት አድርጋ ነገረችኝ። ሌንሴ የኦቦ ዲንሳ የሥጋ ልጅ አይደለችም። እናቷ ከወሎ ተመድባ የመጣች የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ ነበረች። አባቷ የሚባለው ሰው ቀድሞ ጥሏት ሄዷል። አዋላጇ ልጇ ገና ጡት ሳትጥል ታማ ሞተች። የእናቷ ወንድም ሊወስዳት ከወሎ ድረስ መጣ፤ ኦቦ ዲንሳና ሚስታቸው አዴ ጫልቱ ግን ልጅ አጥተው የኖሩ ሰዎች ነበሩና በሽማግሌ ፊት በጉዲፈቻ ተቀበሏት። ጉዲፈቻ ደግሞ እዚህ አገር እንደው ማሳደግ ብቻ አይደለም። ልጅቷ ስማቸውን፣ ዘራቸውን፣ ርስታቸውን ሁሉ ወሰደች። ሰፈሩ ያውቃል፤ እሷ ፊት ግን ማንም አንሥቶት አያውቅም።

«ካነሣሽ አይቀር እሷን ነው» አለችኝ ሰብለ። «አገሪቱ ራሷ ናት እኮ።»

ይህ ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። ወዲያው ለሶስና ደወልኩ። ከእኔ በላይ ደስ አላት። ከፎቶው ሥር የእናቷም የአሳዳጊዎቿም ብሔር አብሮ ይጻፍ፣ ታሪኩም ባጭሩ ይቀመጥ፤ ፎቶው ካማረ የኤግዚቢሽኑ መግቢያ ላይ ትልቅ ሆኖ የሚሰቀለው እሱ ይሆናል አለችኝ። ቤተሰቡን ግን አስፈቅጂ ብላ አስጠነቀቀችኝ። ስሜ አዲስ አበባ፣ ትልቅ አዳራሽ መግቢያ ላይ ተጽፎ ታየኝ። ሰብለን እራት ጋበዝኳት።

በማግሥቱ ጠዋት ኦቦ ዲንሳ ቤት ሄድኩ። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ደንዲ በሚወስደው በኩል ነው። ባጃጁ የቻለውን ያህል አደረሰኝ፤ የቀረውን በስንዴ ማሳ መሐል በእግሬ ሄድኩ። አዝመራው ደርሶ፣ ጤዛው ገና ሳይረግፍ፣ ከሩቅ ሰዎች ለአጨዳ ሲጠራሩ ይሰማ ነበር። ስንት ጊዜ ያንን መንገድ በሕልሜ እንደሄድኩበት አልነግራችሁም።

ኦቦ ዲንሳ ስድሳ ዓመት የተጠጋቸው፣ ረጋ ያሉ ገበሬ ናቸው። ከበር ላይ ተነሥተው «አካም ቡልቴ፣ ኢንተሎ»፣ እንዴት አደርሽ ልጄ ብለው እንደ ልጃቸው ተቀበሉኝ። በዕድሜ ብዙ የሚያንሷቸው ሚስታቸው አዴ ጫልቱ ጨጨብሳ አቀረቡ። ስለ አባቴ ጠየቁኝ። ለካስ እሳቸውም ወጣት ሳሉ እኛ ቤት ፎቶ ተነሥተዋል። ሌንሴ ጥግ ላይ ቆማ ታየኛለች። ወሬው እየጣመ ሲሄድ የመጣሁበት ነገር እየከበደኝ ሄደ። ኦቦ ዲንሳ ሁኔታዬ ገብቷቸው መሰለኝ፣ ሌንሴን ጥጃዋን ፈትተሽ ውኃ አጠጪ ብለው ላኳት፤ አዴ ጫልቱም ወደ ጓዳ ገቡ።

ነገርኳቸው። ስለ ኤግዚቢሽኑ፣ ስለ ትልቁ ፎቶ፣ ከሥሩ ስለሚጻፈው። ነገሩ ክብር መሆኑን፣ ሰው ሁሉ እንደሚኮራባቸው፣ ለአገር ምሳሌ እንደሚሆኑ አስረዳሁ። ያን ሁሉ ስለፈልፍ አላቋረጡኝም። ስጨርስ፣

«ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

«ሰው ነው» አልኩ።

«ሰውማ ያውቃል። እሷ ግን አታውቅም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አጎቷ እዚች በር ላይ አንሥቶ ሲሰጠኝ ለሽማግሌዎቹ ቃል ገብቻለሁ። ከአብራኬ እንደወጣች ላሳድጋት። ከዚያን ቀን ወዲህ የተሰጠች የሚል ነገር እዚህ ቤት ተነግሮ አያውቅም። አሁን አንቺ ከጻፍሽው ታነበዋለች። ማንበብ ታውቃለች። ካነበበች በኋላ እንደ ዛሬው አባ ትለኛለች ወይ? አንቺ የተማርሽ ነሽ። ትልሃለች ካልሽኝ፣ ጻፊው።»

 እኚህ ሰው ልጃቸውን በእኔ እጅ ላይ አስቀምጠው ነው የጠየቁኝ። እኔ ደግሞ የያዝኩት ካሜራ ብቻ ነው። የማስበው የነበረው አዳራሽ፣ መብራቱ፣ ስሜ፣ ሁሉም ከዓይኔ ጠፋ። አልጽፈውም አልኳቸው። ለኤግዚቢሽኑም አልልከውም፤ ግን ይህን ያህል መጥቼ ባዶ እጄን ከምመለስ ለቤታችሁ የሚሆን ፎቶ ላንሣላችሁ፣ ስጦታዬ ይሁን አልኩ። እፎይ ሲሉ ትከሻቸው ወረደ። ሚስታቸውን ጠሩና ልጅቷን አዘጋጂያት አሉ።

አዴ ጫልቱ ሌንሴን አጥበው፣ አበጥረው፣ ቫዝሊኑንም ሳይቀር ቀብተው አመጧት። በዚያ ቀን ልጠርገው አልደፈርኩም። ብርድ ልብሴን ከጎተራው ምሰሶ ላይ አሰርኩ። ጠዋቱ ለስላሳ ነበር፤ ብርሃኑ ከጎን መጥቶ ግማሽ ፊቷ ላይ ያርፋል። ኦቦ ዲንሳ ከኋላዬ ቆሙ፣ አዴ ጫልቱ ከጎናቸው። ሌንሴ እንደ ትናንቱ ተዘጋችብኝ።

«የማን ልጅ ነሽ?» አልኳት። ኦቦ ዲንሳ ሊያግዙኝ ፈልገው ከኋላዬ፣ «ቁጠሪላት እንጂ» አሏት።

ለካ የአባቶቿን ስም አስተምረዋታል። እዚያ አገር ልጅ አባቱን፣ የአባቱን አባት፣ እያለ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚማረው ወንድ ልጅ ነው፤ እሳቸው ግን ያለቻቸው ሌንሴ ናትና ከብት ሲያግዱም፣ ገበያ ሲሄዱም እሷኑ አስጠንተዋታል። ልጅቷ ቀና አለች። ትንፋሿን ሳበችና ጀመረች።

«ሌንሴ ዲንሳ። ዲንሳ ቶሎሳ። ቶሎሳ ጉርሜሳ። ጉርሜሳ ዋቅጅራ...»

ፊቷ እንዴት እንደተከፈተ ብነግራችሁ አታምኑኝም። አንገቷ ሰገግ አለ፣ ዓይኗ በራ። እኔ እጫናለሁ፣ እሷ ትቆጥራለች፤ ኦቦ ዲንሳ በየስሙ «እህ» እያሉ ይቀበላሉ።

«ዋቅጅራ ኢጄታ። ኢጄታ ቡልቻ። ቡልቻ ሂርጳ።»

«ጨረሰች» አሉ ኦቦ ዲንሳ በኩራት። ሌንሴ ግን አልጨረሰችም። ካሜራውን ትታ እሳቸውን አየች። ለአፍታ ተጠራጠረች። እኔም ያችን አፍታ አነሣኋት። ከዚያ፣

«ሂርጳ ደስታ» አለች።

እኔ አላዋቂዋ አንድ ተጨማሪ ቅድመ አያት መሰለኝ። ደስታ የሚባል ወንድ አምቦ ውስጥ ሞልቷል። ከኋላዬ ግን «እህ» የሚል ድምፅ አልመጣም። ዞር ብዬ ሳይ ኦቦ ዲንሳ እንደቆሙ ደርቀዋል። አዴ ጫልቱ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘዋል።

«ደስታ ማነው?» አልኩ።

የመለሰችልኝ ሌንሴ ናት። «እናቴ ናት። አዋላጇ።»

ኦቦ ዲንሳ እዚያው የነበረ ግንድ ላይ ተቀመጡ። ማን ነገረሽ አሏት፤ ለእኔ ያቀረቡልኝ ያው ጥያቄ ነው፣ ድምፁ ግን ሌላ ነበር። ሌንሴ ወደ እናቷ አየች። አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን ከአፋቸው አነሡ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «መቃብሯ ጋ ይዣት እሄዳለሁ። አንተ ገበያ ስትሄድ ሄደን ሣሩን እናጸዳለን። እኔን ሁለት ጊዜ ያዋለደችኝ እሷ ናት፤ ሁለቱም ሞተው ሲወለዱ ከእኔ ጋር ቁጭ ብላ ያለቀሰች ሰው ናት። ቃል የገባኸው አንተ ነህ። እኔ ስሟን ልቀብር አልቻልኩም።»

በቤቱ ውስጥ ሁለት ሴቶች አንዱን ምስጢር ይዘው፣ ሰውየው ደግሞ ያንኑ ምስጢር ብቻውን ሲጠብቅ ኖሯል።  ኦቦ ዲንሳ ሚስታቸውን አልተቆጡም፤ ቁጣው የት እንደሚገኝም የሚያውቁ አይመስልም ነበር። ልጅቷን ጠሯትና ፊታቸው ቆመች።

«ለምን ከሂርጳ ኋላ አደረግሻት?» አሏት።

«ሌላ ቦታ የለም» አለች ሌንሴ። «ከፊት ካደረግኋት አንተን ትገፋሃለች፣ አባ።»

እኔ እዚያ ላይ አለቀስኩ። ደብቄ አይደለም፤ ካሜራዬን አቅፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ያ ሰው ከምን ፈርቶ እንደኖረ ሰምቻለሁ፤ ልጅቷ ደግሞ ሳይነግሯት ያንን ፍርሃት አውቃለች። ሟች እናቷን ከሰባቱም አባቶች ጀርባ ያስቀመጠቻት፣ ከስሟ ቀጥሎ የሚጠራው ዲንሳ እንዳይነካ ብላ ነው። ትምህርት ቤት «የአባቴ» ብላ አፏን የገጠመችውም ለዚሁ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። ኦቦ ዲንሳ ራሷን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባራቸውን ግንባሯ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ከፎቶው ሥር የሚጻፍ ነገር አለ አላልሽም?» አሉኝ። «እንዳለችው ጻፊው።»

ለሶስና የጻፍኩላት እንዲሁ ነው። ከሌንሴ ዲንሳ እስከ ሂርጳ ደስታ፣ ሌላ ምንም የለም። ሶስና ክፉ ሰው አልነበረችም። ፎቶውን እንደወደደችው ነገረችኝ፤ ግን የሁሉም ልጅ ብሔር ተጽፎ የእሷ ብቻ ሊቀር አይችልም፣ ተመልካች ምን ይረዳል አለች። እንግዲያው እኔ ያነሣኋቸው ልጆች የማናቸውም ብሔር አይጻፍ፣ ልጆቹ ሲጠየቁ የመለሱት ይጻፍ አልኳት። «የሹፌሩ የግርማ»፣ «የኦቦ ለሜሳ፣ በሬ ያላቸው»። ተከራከርን፤ እኔም ግትር ነኝ። መጨረሻ ላይ የኔ ፎቶዎች ሳይሰቀሉ ኤግዚቢሽኑ ተከፈተ። ዋሽቼ ምንም አልመሰለኝም አልላችሁም፤ ሳምንት ሙሉ ሰው ማናገር አስጠልቶኝ ነበር። ከዚያ የሌንሴን ፎቶ ትልቅ አድርጌ አሳተምኩና በሚኒባስ፣ ጉልበቴ ላይ አቁሜ፣ ጊንጪ ወሰድኩት።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ገጠመኝ ስጽፍ ትምህርት ልሰጣችሁ አይደለም። እኔ ራሴ ከአባቴ ወገን ወደ መንዝ፣ ከእናቴ ወገን ወደ ጉደር የምሳብ ሰው ነኝ፤ ቀበሌ ሄጄ ብሔሬን ስጠየቅ አንዱን እናገርና ሌላውን ቤት ትቼ እንደመጣሁ እየተሰማኝ እመለስ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ከልጅ ፎቶ ሥር ልጁ ያላለውን ነገር ጽፌ አላውቅም። እኔም ስጠየቅ ሁሉንም እቆጥራለሁ፤ ጠያቂው ቢሰለችም ይሰማኛል። እናንተም ልጆቻችሁን ፎቶ ስታነሡ አንዴ ጠይቋቸው። ከምትጠብቁት በላይ ያውቃሉ።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ዓመታት ታውቋቸዋላችሁ። መንገዱ የሚዘጋበት ቀን በዛ። የምረቃ ሰሞን በራችን ላይ የሚሰለፈው ቤተሰብ ሳሳ፤ ከሩቅ የመጣ ልጅ ብቻውን ተመርቆ ብቻውን የሚነሣበት ጊዜ መጣ። እንዲህ ያለውን ልጅ ሳነሣ ያ ኅዳር ይናፍቀኛል፤ የማያውቀኝ ሰው ሒሳቤን ካልከፈልኩ ብሎ የሚሟገተኝ ሚኒባስ ይናፍቀኛል።

ባለፈው ዓመት ቀን ሲገኝ ጊንጪ ሄድኩ። ሌንሴ ቁመቷ ከእኔ በልጧል፤ የጤና ትምህርት መማር እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ፎቶው ከበሩ ትይዩ ተሰቅሏል። ለኦቦ ዲንሳና ለአዴ ጫልቱ ደግሞ ማንም ያላሰበው ነገር ደርሶላቸዋል። ያንን ፎቶ ባነሣሁ በዓመቱ ሴት ልጅ ወልደዋል። አምስት ዓመቷ ነው፤ ሲፈን ትባላለች፣ አንድ ደቂቃ አታርፍም። እሷንም አንሺልን አሉኝ። በሩ ጋ አቁሜ «የማን ልጅ ነሽ?» ከማለቴ፣ ትንፋሽ ሳትወስድ ተንደረደረች። ታላቅ እህቷ ናት ያስጠናቻት።

«ሲፈን ዲንሳ፣ ዲንሳ ቶሎሳ፣ ቶሎሳ ጉርሜሳ፣ ጉርሜሳ ዋቅጅራ፣ ዋቅጅራ ኢጄታ፣ ኢጄታ ቡልቻ፣ ቡልቻ ሂርጳ፣ ሂርጳ ደስታ።»

ካሜራውን ዝቅ አድርጌ ኦቦ ዲንሳን አየኋቸው። ልጅቷም ልክ መሆኗን ለማወቅ እሳቸውኑ ታያለች።

«እህ» አሏት። «ልክ ነሽ።»